ቤታቸውን ያስጎበኙት ሽማግሌ

እኛ ደላሎች የምንውለው መንገድ ዳር ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ለሦስት ሰው ተብላ የተሠራች አግዳሚ ወንበር አለች፤ እኛ አምስት ሆነን እንቀመጥባታለን። አላፊውን ሁሉ "ቤት ፈልገህ ነው?" እንለዋለን። ቤት የማይፈልገውም ቢሆን ቆም ብሎ ዋጋ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ሰው እንዲህ ነው። እዚች ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ አታውቅም ነበር፣ መስኮት እስክትመጣ ድረስ።

መስኮት ያልናት እኛው ነን። ድሮ ተከራይ የለቀቀውን ቤት እያጸዳች ነበር የምትኖረው፤ ባልዲና መጥረጊያዋን ይዛ ስትገባ ከሁሉ በፊት መስኮት ትከፍታለች። የትኛው ቤት እንደተለቀቀ፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው አከራይ አመለኛ እንደሆነ ከእኛ ቀድማ ታውቃለች። እኛ ደግሞ ወሬውን ከእሷ በነፃ እየለቀምን እንነግድበታለን። አንድ ቀን ነቃች። ባልዲዋን ቤቷ ትታ መጣችና "እስቲ ጠጋ በሉ" ብላ መሃላችን ቁጭ አለች። ሳቅንባት። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቻችን እኛን አልፈው "መስኮት የለችም?" ማለት ጀመሩ። ሳቃችን የት እንደገባ እንጃ።

ሌላው ደላላ ቤት ሲያሳይ አፉ አያርፍም። "ይኸው ሳሎኑ፣ ይኸው መኝታ ቤቱ" ይላል፣ ገዢው ዓይን የሌለው ይመስል። እኔም ያው ነኝ። እሷ ግን ሌላ ዘዴ ደረሰችበት፤ ቤት የሚሸጠው የኖረበት ሰው ነው ትላለች። ገዢውን ይዛ ትገባና ለሚኖርበት ሰው አንዲት ጥያቄ ወርወር አድርጋ ዝም ትላለች። "ይቺን ዛፍ ማን ተከላት?" ወይም "ልጆቹ የት ሆነው ነበር የሚያጠኑት?" ከዚያ በኋላ የሷ ሥራ አለቀ። ሰውየው ልጆቹን ያሳደገበትን ጥግ፣ በብርድ ጊዜ የሚሞቀውን ክፍል እያሳየ ሲያወራ የገዢው ልብ ሳያውቀው ይገባል። እሷ በሩ ጋ ቆማ ትጠብቃለች። በዚህ ዘዴ ስንቱን ቤት እንዳሸጠች እኔ ምስክር ነኝ።

ይህን ሥራ ስትጀምር ያልሳቀባት ሰው ቢኖር አማቷ፣ የባሏ አባት ናቸው። ባሏ እንኳ "ሚስቱ ደላላ ሆነች ሲባል ምን ልል ነው?" እያለ ሲነጫነጭ፣ "አንተ የሰው ወሬ ስማ፤ እሷ እንጀራዋን ትፈልግ" ብለው አፉን ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ሲበዛ ጎበዝ ግንበኛ ነበሩ። የእረፍት ቀን እያዩ ከሷ ጋር ይዞሩና፣ የትኛው ስንጥቅ የልስን ብቻ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ከመሠረት እንደመጣ በጣቷ እያስነኩ ያስተምሯት ነበር። ከወለዷት አባቷ አስበልጣ ትወዳቸዋለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚቀጥለውን የሚሰማ ሰው ልቧ ድንጋይ ነው እንዳይል ነው። ልቧ ድንጋይ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር።

እኚህ ሽማግሌ ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው "እኔም ስከተላት እንዳትጣሉ" ብለው፣ በገዛ እጃቸው የገነቡትን ቤት በቁማቸው በሦስቱ ልጆቻቸው ስም አዛወሩት። ልጆቹ እውነትም አልተጣሉም። ተስማምተው ሊሸጡት ተነሡ። ትንሹ ለንግድ ይሆነኛል አለ፣ ትልቋ የጀመረችውን ቤት ልትጨርስ ፈለገች፣ የመስኮት ባል ደግሞ "እነሱ ካሉ እኔ ምን ቸገረኝ" አለ። አባትየው አንዴ አንዱ ጋ፣ አንዴ ሌላው ጋ እያሉ ይኖራሉ ተባለ። ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤ "የሚወዱት አንቺን ነው" አሏት። ማን ይሽጠው ሲባልም ያው ወደ እሷ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ለጭንቁ ምራት፣ ለትርፉ ልጅ።

"እምቢ በያቸዋ" አልኳት።

"እኔ እምቢ ብል ሌላ ደላላ ነው የሚልኩባቸው፣ ጋሼ። ማንም መጥቶ ከሚያመናጭቃቸው እኔ ብይዘው ይሻላል።"

"ነግረሻቸዋል?"

"ቀን እየፈለግኩ ነው።"

ቀኑ ሳይገኝ ገዢ ተገኘ፣ ያውም በእኔ በኩል። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም አስተማሪዎች፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል ጨዋ ሰዎች። ወደ ቤቱ ስንሄድ መስኮት ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረችኝ።

"አባባ ምንም አያውቁም። ቤት ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች ምክር ሊጠይቁዎት ይመጣሉ ነው ያልኳቸው።"

"እነዚህስ?"

"እነሱ ሽማግሌው የሚያውቁ ነው የሚመስላቸው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዲት ቃል ብታመልጥስ?"

"ዛሬን ብቻ። ማታ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።" መመለስ ነበረብን፤ ግን አስተማሪዎቹ በሩን አንኳኩተው ነበር።

ሽማግሌው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁን። ምክር የሚጠይቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል መሰለኝ፣ ፊታቸው በርቷል። መስኮት የለመደችውን ጥያቄ መወርወር እንኳ አላስፈለጋትም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰዱንና መሠረቱን አሳዩ። ድንጋዩን ከየት እንዳመጡት፣ ጎርፉን በየት በኩል እንዳሳለፉት አስረዱ። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። "እዚህ ጋ ግድግዳው ትንሽ ጠመም ብሏል። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደች ቀን ነው የገነባሁት፤ እጄ እዚህ፣ ልቤ እናቷ ጋ። እናንተ ስትሠሩ ምጥ ባለበት ቀን ግንበኛ እንዳታሠሩ።"

አስተማሪዎቹ ከልባቸው ሳቁ። ሚስትየዋ የጠመመውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው፤ ያን ጊዜ ቤቱ እንደተሸጠ አወቅኩ። በሥራ ዘመኔ እንደ ሽማግሌው ያለ ሻጭ አላየሁም። መስኮት አንገቷን ደፍታ ከኋላ ትከተላለች። ወይ ዘዴ፤ በስንቱ ቤት ያበላት ዘዴ ነው አሁን አንጀቷን የሚበላት።

መኝታ ቤት ገባን። ሽማግሌው ስለ ወለሉ እያወሩ ሳለ፣ ሚስትየዋ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ወርዱን በስንዝር መለካት ጀመረች። የመጋረጃ ነገር መሆኑ ነው። ሽማግሌው ንግግራቸውን አቋረጡ። ቤት ልሥራ የሚል ሰው የሌላ ሰው መስኮት አይለካም፤ ይህን ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም። እጇን እስከ መጨረሻው ስንዝር ድረስ አዩት።

"አልጋችሁን የት ልታደርጉት አሰባችሁ?" አሉ ቀስ ብለው።

"እዚሁ መስኮቱ ሥር ጥሩ አይመስልዎትም፣ አባባ?" አለች፣ ስለጠየቋት ደስ ብሏት። "የእርስዎ አልጋ ሲነሣ ቦታው ይሰፋል።"

ባልየው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጣሪያው። ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"መስኮቱ ሥር አይሆንም" አሉ። "ክረምት ላይ ብርድ ይገባል። ወደዚያኛው ግድግዳ አስጠጉት።"

ሚስትየዋ አሁን ገባት፤ እጇን ከመስኮቱ አነሣች። ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ዞሩ።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ልጆቼ እንደናቁኝ ገባኝ። አንቺስ፣ ልጄ?"

"አባባ፣ ማታ ልነግርዎት ነበር።"

"ቤቴን በገዛ አፌ ካሻሻጥሽ በኋላ።"



"በይ ሥራሽን ጨርሺ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ደስ ባለኝ። "እነሱ ቤት አግኝተዋል። ለእኔም ፈልጊልኝ። የሚከራይ አንድ ክፍል።"

"አባባ፣ እኛ ጋ እኮ ነው..."

"ለደላላ ነው የማወራው።"

ጣልቃ ልገባ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። መስኮት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ የጠየቀችው ሁላችንም ማንኛውንም ተከራይ የምንጠይቀውን ነው፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ይመስለኛል።

"ደረጃ መውጣት ይችላሉ?"

"አልችልም። ከታች ይሁን።"

"ፀሐይ?"

"ጠዋት ጠዋት ብትገባ ደስ ይለኛል።"

"አከራዮች..." አለችና እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀጠለች። "አከራዮች ተከራዩ ሽማግሌ ሲሆን ይጠይቁኛል። ቢታመም የምንጠራው ልጅ አለው ወይ ይሉኛል።"

ሽማግሌው የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"የለውም በያቸው" አሉ።