በእኅቴ ግድግዳ ውስጥ የቀረው ጅራት

ግንበኛ ነኝ። አሁን ሰዉ ሁሉ በብሎኬት ስለሚሠራ እጄ ሥራ ፈታ እንጂ፣ ከዓለም ከተማ እስከ ጀማ ገደል አፋፍ ድረስ የእኔ መዶሻ ያልነካው የድንጋይ ቤት ጥቂት ነው። ሞላሌ ድረስ ሄጄም ገንብቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ጽሑፌ እንደ ግድግዳዬ በቱንቢ የተለካ አይደለም።

የእኛ አገር ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው። ከላይ ጥቁሩ፣ ወደ ጀማ ሲወርዱ ደግሞ ነጩ። ነጩ ለመሮ ይመቻል፤ ሲሰነጠቅም ከሆዱ ጉድ ይወጣል። ዛጎል ይወጣል፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ይወጣል፣ የዓሣ ጥርስ ይወጣል፤ ሁሉም ድንጋይ ሆኖ። ሌላው ግንበኛ ከነጉዱ ግድግዳ ውስጥ ይከተዋል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጉዱን እየፈለቀቅኩ ኪሴ ውስጥ እጨምራለሁ። የሚያየኝ ሁሉ «ሰው እህል ያስገባል፣ አንተ ድንጋይ» ይለኛል። ይበል። ሦስት ሣጥን ሞልቶልኛል።

ከሁሉ የምወደው ጊንጡን ነበር። የታላቅ እኅቴን ቤት ስገነባ አንዱን ድንጋይ በመዶሻ ስመታው ከወገቡ ለሁለት ተከፈለ። ጠፍጣፋ ፊቱ ላይ የደረቀ አፈር ስለነበረ ምንም አላየሁበትም። አንዱን ግማሽ ግድግዳው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሌላው ከፍርስራሽ ጋር ደጅ ቀረ። ክረምት ሲገባ ዝናብ አጥቦት አገኘሁት። ሁለት መቆንጠጫ፣ ራስ፣ እንደ ቀለበት የተደረደረ ገላ፤ ወገቡ ላይ ሲደርስ ቁርጥ። ጅራቱ ያለው እኅቴ ግድግዳ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቤቱ አልቆ፣ ሣሩ ተከድኖ ነበርና ምን ይደረጋል፣ ተውኩት። ለሰው ግን «የድንጋይ ጊንጥ አለኝ» እያልኩ ስናገር ስንት ዓመት ሆነኝ።

አምና አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ከመንዝ ተቀይራ ወደ እኛ ትምህርት ቤት መጣች። ወሬውን ሰምታ ቤቴ መጣችና ሣጥኖቹን ስከፍትላት መሬት ላይ ተንበረከከች።

«አባባ፣ ይኼን ለትምህርት ቤቱ ይስጡን። መደርደሪያ አሠርተን ልጆቹ ይዩት።»

«አልሰጥም» አልኳት። «ማየት የፈለገ እዚሁ መጥቶ ይይ።»

ቀጥላ ጊንጡን አነሣች። ድሮ ድሮ፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የባሕር ጊንጥ እንደነበረ ነገረችኝ።

«ይኸው!» አልኩ። «እኔ ምን አልኩ?»

«ይኼ ግን እሱ አይመስለኝም። የባሕር ጊንጥ የሚገኝበት ድንጋይ ከዚህ በጣም ያረጀ ነው። ይኼ ነጭ ድንጋይ ሲነጠፍ እነሱ ካለቁ ቆይተዋል።»

«አንድም አልተረፈ?»

«አንድም።»

«ቀጠሮ ይዘው ነው እንዴ የሞቱት?»

ሳቀች። ሳቋ አናደደኝ። «እናንተ መንዞች ከጓሳ ቀበሮ በቀር ምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባሕሩ የነበረው እኛ ጋ ነው!»

«ባሕሩማ መንዝም ነበር፤ ስለሚበርደው ጥቁር ድንጋይ ደርቦ ተኛ እንጂ» አለችኝ።

ነገር ትችላለች። ጅራቱን ብናይ እንደሚለይ ነገረችኝ፤ የጊንጥ ከሆነ ጫፉ ሹል ይሆናል፣ ካልሆነም ይታወቃል። እኔም ጊንጥ ካልሆነ ሦስቱንም ሣጥን ለትምህርት ቤቱ ልሰጥ ቃል ገባሁ። ጊንጥ ከሆነ ደግሞ እሷ ተማሪዎቹን አሰልፋ በሁሉም ፊት «ተሳስቻለሁ» ልትል ተስማማን። ቃል ገብቼ የሣጥኖቹን ክዳን አንድ በአንድ ዘጋሁ። ግን ወጥቷል፤ ከአፍ የወጣ አይመለስም።

በማግስቱ ድጅኖዬንና መዶሻዬን ይዤ፣ መምህርቷን አስከትዬ እኅቴ ቤት ሄድኩ። ጌሾ እየወቀጠች ነበር።

«እትዬ፣ ግድግዳሽን ልከፍተው ነው።»

ዘነዘናዋን አቆመች። «ምን አልክ?»

«አንዲት ድንጋይ ብቻ።»

«አንተ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን የማርያም ማኅበር በእኔ ተራ መሆኑን አታውቅም? ቄሱ የሚደገፉት ያንን ግድግዳ ነው! ከማኅበሩ በኋላ ና።»

«ዛሬ ብያለሁ፣ ዛሬ ነው።»

መምህርቷ «አባባ፣ ችግር የለውም፣ ይቆይ» ብትልም አልሰማኋትም። እኅቴ ከታች እስከ ላይ አየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀኛለች፤ መከራከሩ ድካም እንደሆነ ገባት።

«እሺ፣ ክፈት» አለች። «ግን ቄሱ ተደግፈው አንዲት ጠጠር ብትነቃነቅ ማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ስምህን አነሣለሁ።»

ተስማማሁ። ግንበኛ ያስቀመጠውን ድንጋይ አይረሳም፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከመሬት ሦስተኛው ረድፍ ነው። ከላይ ያለውን በግንድ ደገፍኩና ጭቃውን እየፈለፈልኩ ድንጋዩን በድጅኖ አወጣሁት። መምህርቷ ውኃ አፈሰሰችበት። ባዶ ነው።

«አጠገቡ ነው» አልኩ። አጠገቡን አወጣሁ። እሱም ባዶ።

እኅቴ ጌሾዋን ትወቅጣለች። ግን ምቱ እየተዛነፈ ነው፤ ዘወር ብዬ ሳያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም። ሦስተኛውንም አውጣው፤ ቤቱ ይተንፍስ።»

«የት እንዳለ ታውቂያለሽ!»

«ጠየቅከኝ እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ አልጠየቅኳትም። እኔ የገነባሁትን ቤት ሌላ ሰው ያውቀዋል ብዬ እንዴት ላስብ? በዕድሜዬ ሙሉ «የቱ ጋ ነው?» ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም። መምህርቷ ወደ ጣራው ታያለች። ግድግዳው ሁለት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ያየኛል።

«እትዬ፣ እባክሽ ንገሪኝ» አልኳት።

«ድገመው። መምህርቷ አልሰማችም።»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ» አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ።

«እኔ ግን አልጠገብኩም።»

ደገምኩት። ያኔ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ከውኃ እንስራው በስተኋላ ወሰደችን። እንስራውን ዞር ብታደርገው ግድግዳው ላይ በአመድ የተሠራ መስቀል አለ። ግድግዳው በእበት በተለቀለቀ ቁጥር እንደገና ትሥለዋለች። ቤቱ ሲሠራ ጭቃ ታቀብለኝ ስለነበር፣ ያ ድንጋይ ከእጄ አምልጦ የእግሯ አውራ ጣት ላይ ነው የወደቀው። እኔ ረሳሁት፤ የተመታው ሰው ግን አይረሳም። የቀረውን ግማሽ አሳይቻት «ጅራቱ ቤትሽ ነው» ያልኳት ቀን፣ ጊንጡ እንዳይወጣባት መስቀሉን ሠራችበት።

ድንጋዩን በድጅኖ ፈልቅቄ አወጣሁት። ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጭቃው አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ለካ ጭቃው እንደ እናት ጠብቆታል። መምህርቷ በዶሮ ላባ እየጠረገች ውኃ በትንሽ በትንሹ አንጠባጠበችለት። ቀለበት፣ ሌላ ቀለበት፣ ሌላም። እኔ ሹሉን እጠብቃለሁ። በልቤም «ሹል ሁን፣ ሹል ሁን» እላለሁ።

አልሾለም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደ ማራገቢያ ተዘረጋ። አምስት ቅጠል፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ እንኳ ያልተሸረፈ።

መምህርቷ ማሸነፏን አውቃለች፤ ግን አልፎከረችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችና ዩኒቨርሲቲ ላስተማራት ሰው ላከች። እስኪመልስ ድረስ እኔ ከቤት ይዤ የመጣሁትን ግማሽ አወጣሁና ሁለቱን አጋጠምኳቸው። ጠቅ ብለው ገጠሙ። ፀጉር አይገባም በመሃላቸው። ስንት ሺህ ድንጋይ ከድንጋይ ያጋጠምኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ግን አልሠራሁም። ሳላስበው ሳቄ መጣ። መቆንጠጫው፣ ራሱ፣ ገላው፣ ማራገቢያው፤ ይኸው ሙሉ ሰውነቱ፣ አሁን ሊዋኝ የተነሣ ይመስላል።

ስልኩ ጮኸ። መምህርቷ አነበበችልን፤ «የሸርጣን ዘመድ ነው፣ እንዲህ ሙሉውን ሆኖ በአገራችን አይቼ አላውቅም፣ የጊንጡ ወሬ ግን ይቅር» ይላል።

እኅቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ምነው እትዬ፣ ተሸነፍኩ እኮ!»

«ለዚሁ ነዋ! ስትሸነፍ ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ሠግቼ ነበር!»

ሦስት ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ከፊታችን ቆሟል። መምህርቷ ሱሪዋን ጠቅልላ ጭቃና ጭድ ረገጠች፤ መንዝ ጭቃ መርገጥ እንደሚችል ያን ቀን አየሁ። እኅቴ አቀበለችኝ፤ እግሯን ግን ራቅ አድርጋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠምኩት። የማኅበሩ ዕለት ቄሱ እንጀራቸውን ጠግበው ጀርባቸውን ጣሉበት፤ እኔም ከወዲህ ሆኜ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ጠጠር አልተነቃነቀም።

በሳምንቱ ሦስቱን ሣጥን በአህያ ጭኜ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። መንገዱን ሙሉ የአህያይቱን ጆሮ ብቻ እያየሁ ነው የሄድኩት፤ ሣጥኖቹን ካየሁ እንዳልመለስ ብዬ። መደርደሪያው ተሠርቶ ቆየኝ። ሁለቱን ግማሾች ከመሃል አስቀመጥናቸው። መምህርቷ ወረቀትና ብዕር አውጥታ ልትጽፍ ጎንበስ ስትል ብዕሩን ተቀበልኳት።

«የተሸነፍኩትን እኔው ልጻፍ።»

ላቤ እየመጣ፣ በትልልቁ «ጊንጥ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

«አባባ፣ የሚጻፈው እኮ የሆነው ነው እንጂ ያልሆነው አይደለም» አለችኝ።

«የሆነውን አንቺ ከሥር ጻፊው። ሦስት ሣጥን ያስከፈለኝ ግን ያልሆነው ነው።»

ጻፈች። ተማሪዎቹ ገቡና መደርደሪያው ተከበበ። አንዷ ወረቀቱን ጮክ ብላ አንብባ ዘወር አለች።

«መምህር፣ ‹ጊንጥ ነው› ያለው ሰው ማን ነው?»

መምህርቷ እኔን ላለማየት መስኮቱን አየች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ወንበር አምጪልኝና ልንገርሽ።»