የአሥር ሰው ጎጆ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ትዕግሥት ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳን ስታገላብጥ ዋለች። ለልጆቿ ቃል ገብታላቸዋለች፤ ትምህርት ሲዘጋ የውሃ መንሸራተቻና ልዩ ልዩ መጫወቻ ወዳለበት አዲስ ሪዞርት ሊሄዱ ነው። ያስቸገራት ማደሪያው ነው። አንዱ ክፍል ሐይቁን ፊት ለፊት ያያል፣ ግን ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ሌላው ሰፊ ነው፣ ዋጋው ግን ሐይቁን ራሱን የሚገዙት ይመስላል። እሷ አለች፣ ባሏ አለ፣ አራት ልጆች አሉ፣ እኔ አለሁ። ስልኩ ደግሞ «አዋቂ ስንት? ልጅ ስንት?» እያለ ይነዘንዛታል።

«እማዬ፣ አንቺን ስጨምር ሌላ ክፍል ጨምሪ ይለኛል» አለችኝ፣ ከስልኩ ቀና ሳትል። ክፋት የላትም፤ ሒሳቧን ነው የያዘችው።

እኔም ሳላስበው፣ «ተዪኝ በቃ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አልኳት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቃሉ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። የእኔ ንግግር አልነበረማ! የእትዬ ብርቄ ነው፣ ከነድምፁ።

እትዬ ብርቄ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። ባሏ በወጣትነቷ ሞተባትና ልጅ ሳትወልድ ከማንኪራ ተነሥታ ቦንጋ ወንድሟ ቤት መጣች። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ነበር አሉ። እናቴ ነጋዴ ናት፤ ኮረሪማና ማር እየሰበሰበች አንድ ቀን ሺሺንዳ ገበያ፣ ሌላ ቀን ጅማ ትውላለች። እናም ቤታችን ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነበር፤ እማማ ትወልዳለች፣ እትዬ ታሳድጋለች። ሰባት ልጆች እንዲህ አደግን። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

እትዬ የትም ሄዳ አታውቅም። ሠርግ ሲጠራ፣ ክርስትና ሲኖር፣ ሁሉም ሲለባብስ እሷ በር ላይ ትቆምና «ሂዱ፣ ሂዱ፤ ቤት ማን ይጠብቃል?» ትላለች። ምን ሀብት ኖሮን ነው የሚጠበቀው? ሁለት ላም፣ ጓሮ ያለ እንሰት፣ ደግሞም አንድ ውሻ፤ እሱም ሌባ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ የሚቀበል።

አባባ ገበያው ጫፍ ላይ ትንሽ የማር መደብር ነበረው። ግድግዳው ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ሥዕሉ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለ አንድ የመዝናኛ ቦታ ነው። ትልቅ የሚሽከረከር ጎማ ሰው ጭኖ፣ ከሥሩ ትንሽ ባቡር፣ ከጎኑ ፍል ውሃ የሚገባበት መዋኛ። ትንሹ ወንድሜ ታምራት መደብሩ በገባ ቁጥር ከዚያ ሥዕል ሥር ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን አባባ ሰለቸውና፣ «ዘንድሮ ሰባታችሁም ካለፋችሁ እወስዳችኋለሁ» ብሎ ቃል ገባ። እንዳለ የሚባለው ወንድሜ ሰባተኛ ክፍልን በሒሳብ ምክንያት ደጋግሞ የሚማር ልጅ ነበር። አባባ በእሱ ተማምኖ ነው ቃል የገባው ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ወይ ጉድ! በዚያ ዓመት እንዳለ አለፈ። አባባ ካርዱን ገልብጦ አየው፣ መልሶ ገልብጦ አየው፣ ከዚያ «በል እንግዲህ» ብሎ ካርዱን መለሰለት።

ማደሪያ የመፈለጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር የቢሮ አማርኛ ትችላለች ተብዬ ነው። ቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን ቁጥር በእጄ መዳፍ ላይ ጽፌ ወደ ቴሌ ስሄድ እትዬ አብራኝ መጣች። ወረፋው ረጅም ነውና ለጨዋታ ጓደኛ ትሁነኝ ብዬ ነው። ተራችን ሲደርስ ሁለታችንም ተጨናንቀን ጠባቧ የስልክ ሳጥን ውስጥ ገባን፤ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ትሰማለች።

ስልኩን ያነሣችው ሴት ትሑት ነበረች። መዋኛውን የሚያዩት ክፍሎች ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚይዙት አለች። ለእኛ አምስት ክፍል ማለት ነው፤ አባባ ቀፎውንም ዛፉንም ቢሸጥ አይችለውም። ከግቢው ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ርካሽ ፔንሲዮን አለ አለች፤ ግን ሥሩ መጠጥ ቤት ነው። እማማን አሰብኳት። እዚያ ከምታስተኛን መንገድ ላይ ብታነጥፍልን ይቀላታል።

«ቤተሰብ ከሆናችሁ ጎጆ አለን» አለች ሴትዮዋ። «ሁለት ሰፋፊ አልጋ አለው። ለልጆቹ ወለሉ ላይ ፍራሽ እናነጥፋለን። እናትና አባት ከነልጆቻቸው ነው፤ ልጅ ቢበዛም ዋጋው ያው ነው።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። «አክስታችንም አለች» አልኩ።

«አክስት በቤተሰብ አትያዝም፣ የኔ እህት። እሳቸው ለብቻ ክፍል ይይዛሉ። ደንቡ ነው።»

እትዬ ጆሮዋን ከጆሮዬ አላቀቀች። ነጠላዋን አስተካከለችና ከሳጥኗ ወጣች። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ጭቃውን እየመረጥን ስንመለስ ስለ ጎመን፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ጉንፋን አወራችኝ። ከበራችን ስንደርስ ብቻ፣ «ለነገሩ ቤት ማን ይጠብቃል?» አለች።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ያን ቀን ግን አንጀቴን በላችው። ከልብስ ሳጥኗ ሥር አዲስ ሸራ ጫማ ደብቃ አይቻታለሁ፤ ቃሉ ከተገባ ወዲህ የገዛችው ነው። እትዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መሄድ ፈልጋ ነበር።

ማታ እራት ላይ፣ እሷ ማድቤት እያለች፣ ነገሩን ለአባባና ለእማማ ነገርኳቸው። ስጨርስ እንባዬ መጣ። «እትዬ ካልሄደች እኔም አልሄድም!» አልኩ።

እማማ አባባን አየችው። አባባ ጎመኑን በቆጮ ጠቅልሎ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ውሃ ጠጣ። አባባ ነገር ሲገባው እንዲህ ነው፤ ቆመው ቢለምኑት አይናገርም። በመጨረሻ፣ «ጎጆዋን ያዢ» አለኝ።

«ስንት ነን ልበላቸው?»

«ቤተሰብ ነን በያቸው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። እትዬን ጣላት ማለት ነው ብዬ እስከ ጉዞው ቀን ድረስ አኮረፍኩት። ቡና ሳቀብለው እንኳ ፊቴን አዙሬ ነበር።

የጉዟችን ቀን ማለዳ ካፊያ ነበር። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ያስጮሃል። እትዬ ለስንቅ ያዘጋጀችውን ዳቦ በኮባ ጠቅልላ ልትሸኘን ወጣች። በዚህ መሐል የባለ ሱቁ ሚስት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ ብርድ ልብሳቸውን ታቅፈው ከች አሉ። ምን ፈለጉ ብለን ስንተያይ አባባ ወደ እህቱ ዞሮ፣

«ነጠላሽን ልበሺ» አላት።

«የት ልሄድ?»

«ሚኒባሱ ቆሟል።»

«ኧረ ቤቱስ?»

«ቤቱ እግር የለው፤ የት ይሄዳል?»

እትዬ ዘይነባ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ሂጂ እንጂ አንቺ! እኔ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ምን ልሠራ የመጣሁ መሰለሽ? ወንድምሽ እኔ ዘንድ ከመጣ ሰነበተ፤ ሁሉን ጨርሰናል።»

እትዬ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አባባን አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ሮጠች። ስትወጣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሸራ ጫማዋን አድርጋለች።

ጅማ ዘመድ ቤት አደርን። አሥር ሰው ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ስንት ናችሁ፣ ማን የማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም፤ የተጠየቅነው «ለምን አትበሉም?» ብቻ ነበር። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ እትዬ ከጎኔ ተቀምጣ በመስኮት እያየች፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አስቱ፣ እዚያ ካላስገቡኝ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም፤ ተጠልዬ አድራለሁ። አባትሽን ከሰው እንዳታጣዪብኝ» አለችኝ። ክንዷን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ክራቫት ያሰረ ወጣት ቆሟል። ከወለሉ ንጣት የተነሣ ጫማችንን እናውልቅ ወይስ አናውልቅ ብለን ስናመነታ በጣቱ ይቆጥረን ጀመር።

«ቤተሰብ ናችሁ፤ ጎጆ ነው የያዛችሁት። አባት እርስዎ ነዎት። እናት የትኛዋ ናቸው?»

አባባ እማማን አሳየው። «እሷ ናት።»

«እኚህስ?» እትዬ ከሻንጣዎቹ ኋላ ለመደበቅ እየሞከረች ነበር።

«እሷም ናት።»

«አልገባኝም። ምናቸው ናቸው?»

«የልጆቹ እናት።»

አባባ እኮ ቅዳሴ የማያስታጉል፣ ሰፈርተኛው ለሽምግልና የሚጠራው ሰው ነው። እትዬ «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እንዳለ ሳቁን ለማፈን የሹራቡን እጅጌ ነከሰ። ወጣቱ ላቡን ጠረገና ወደ ውስጥ ገብቶ ኃላፊውን ጠራ። ሸበቶ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ» አሉ አባባን፣ በትሕትና፤ «የሰው ትዳር ውስጥ አንገባም። ግን ደንባችን ለአንድ ባልና ለአንድ ሚስት ነው። ሁለት ሚስት ላለው…»

«ሚስት አላልኩም» አለ አባባ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሚስቴ አንድ ናት፤ ይቺው። እናት ነው ያልኩት። እናት ከነልጆቿ ብላችኋል፤ እነዚህ ልጆች ሁለት አላቸው። አንዷ ወለደች፣ አንዷ፣ እህቴ፣ አሳደገች። የትኛዋን ውጭ ላሳድር?»

በሕይወቴ አባባን ይህን ያህል ሲናገር አልሰማሁም። እማማ ደግሞ የገበያ ሰው ናት፤ ነገሩ ሲላላ አየችና ገባችበት። «ጌታዬ፣ እኔ ገበያ ነበርኩ። እሷን ካስወጣችኋት እኔም አብሬያት እወጣለሁ። ልጆቹን እንግዲህ እናንተ አስተኟቸው!»

ኃላፊው ሰባታችንን በዓይናቸው ቃኙ። አሰቡበት መሰለኝ። በዚህ መሐል ነው ታምራት፣ እናቱን አልፎ፣ እኔን አልፎ፣ ሻንጣውን ዞሮ የእትዬን ቀሚስ የጎተተው።

«እትዬ! ሽንቴ መጣ!»

ሰውየው ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በሉ፣ እናቱ፣ ቶሎ ይውሰዱት። በዚያ በኩል ነው» አሏት። ወደ ወጣቱም ዞረው «ቁልፉን ስጣቸው» አሉት።

እትዬ ታምራትን በእጁ ይዛ ሄደች። ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች፤ ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። «አስቱ፣ ቧንቧው የሚያወጣው ሙቅ ውሃ ነው፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። አባባን ደግሞ ላየው አፈርኩ፤ ያን ሁሉ ቀን ያኮረፍኩት ሰው!

ጎጆዋ ክብ ናት፤ አዲስ ሣርና ቀለም ትሸታለች። እነዚያ ሁለት ሰፋፊ አልጋዎች፣ አንሶላቸው ነጭ፣ እናቶቹም ልጆቹም አልደፈርናቸውም። እማማ ወለሉ ላይ ከልጆቿ ጋር ተጋደመች፣ እትዬ ከወዲያ ጫፍ፣ ሁላችንም መሐል። ያን ሁሉ ተከራክረን ባገኘነው አልጋ ላይ የተኛው አባባ ብቻ ነው፤ ሲያንኮራፋ ሰማነው።

በማግስቱ ጎማው ላይ ወጣን፣ ባቡሩ ላይ ዞርን፣ ፍል ውሃው ውስጥ ገብተን ጣታችን እስኪጨማደድ ዋልን። እትዬን ጎማው ላይ ውጪ ብንላት፣ «ምን በድዬ ነው ከመሬት የምሸሸው?» አለች። ከሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሁላችንን ጫማና ሹራብ ታቅፋ ትጠብቃለች። ከላይ ሆኜ ሳያት ሸራ ጫማዋን አንድ ላይ ገጥማ እግሯን እያወዛወዘች ነበር፤ ልክ እንደ ልጅ።

ቦንጋ ስንመለስ ለሰው ሁሉ ያወራችው ስለ ጎማው አይደለም። ስለ እንግዳ መቀበያው ነው። በእትዬ ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ ላይ በካፊኖኖ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሰዋለች፤ ሳቅ ሲያሸንፋት ወደ ካፊኖኖ ትመለሳለች። «ወንድሜ በሰው ፊት አዋረደኝ!» ትላለች፣ ደስታዋ ከፊቷ ላይ እየፈሰሰ። ከዚያ በኋላም ሠርግ ሲጠራ «ቤት ማን ይጠብቃል?» ማለቷን አልተወችም። ግን እያለችው ነጠላዋን ትፈልጋለች።

አሁን አባባም የለም፣ እትዬም የለችም። ሁለቱንም አንድ ዓመት ውስጥ ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ እንዳለ፣ የዛሬው የሒሳብ አስተማሪ፣ ከሁላችን በላይ ጮኾ አለቀሰ፤ «ሁለት እናት ነበረኝ» እያለ። እማማ ከአጠገቡ ተቀምጣ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ ትዕግሥት ጣቷን ስልኩ ላይ አንጠልጥላ ታየኛለች። «እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? ቤት እጠብቃለሁ ነው ያልሽው?»

«ቤቱ እግር የለው፤ የት ይሄዳል?» አልኳት።

ሳቀች። ከየት እንደመጣ አታውቀውም፤ ነግሬያት አላውቅም። «ሌላ ክፍል ውሰጂ ካለኝስ?»

«ወለሉ ላይ እተኛለሁ። እምቢ ካሉ ሰውየውን እኔ አነጋግረዋለሁ። ቁጠሪኝ ብቻ።»

«አዋቂ፣ ሦስት» አለችና ስልኩን ነካችው።

ጉዞው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እኔ ግን ነጠላዬን ከሳጥኑ ላወጣ ተነሣሁ።