የማይጫር እሳት

በዚያን ጊዜ እንጦጦ ላይ እሳት መከልከል ከስድብ ይከፋ ነበር። ጠዋት ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገሏን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ «እሳት ልጭር መጣሁ» ትላለች፤ ፍም ይሰጧታል። ይህን የነፈገኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ ለቤተ መንግሥቱ በርና መስኮት የሚሠራው ህንድ አናጢ፣ እኛ ባንያን የምንለው።

ጎጆው ከአጥሬ ጋር ይዋሰናል። አንድ ማለዳ ገሌን ይዤ ስገባ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሮ ተቀምጧል። ፊቱ በአራት ማዕዘን የጭቃ ምድጃ ትንሽ እሳት ትነዳለች፤ እሱ ቅቤ ያንጠባጥብባታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ይህ አይጫርም» አለኝ። «ይህ እንግዳ ነው። አንተ እንግዳህን ታበላለህ እንጂ ቆርሰህ ለሰው ትሰጣለህ?»

ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው፤ አማርኛው ውስጥ ሴት አልገባችም። ተናድጄ ወጣሁ፤ ሰፈሩም ንፉግ አለው። በማግስቱ ግን ደጁ ላይ ሌላ ምድጃ ሠርቶ ጠበቀኝ። «ከዚህ ጫር፤ ይህ የወጥ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በአጥር እየተያየን እናወራ ነበር። እሳት የአምላክ አፍ ነው፤ የሰጠኸውን ወደ ላይ ያደርሳል ይለኛል። ባልና ሚስት በዙሪያው ዞረው ይጋባሉ፤ ሲሞቱም ሬሳቸው ለእሱ ይሰጣል። ማን ጀመረው ብዬ ብጠይቀው፣ መጽሐፍ ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው አለ። ጎረቤታችን ቄሱ እሳት አምላኪ ይሉት ነበር። እኔ በልቤ፣ እኛስ የደመራውን አመድ ግንባራችንን እንቀባ የለ እላለሁ፤ ለቄስ ግን እንዲህ አይባልም። ባሌን የሚያንገበግበው ቅቤው ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ያሾፍበታል።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በየሜዳው ወድቆ አለቀ፤ በየካ በኩል ያለው መስክ ሁሉ ሸተተ። የሁላችንም ላም በሰማይ ሆነች። ባንያኑ ለሞተ ከብት እንደ ዘመድ አለቀሰ፤ ያኔ የሳቀበት ሰው አልነበረም። ባሌ እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። የቀረችኝ አንዲት ሴት ልጄ ናት፤ እሷም እግሯ አብጦ ጎመን እንኳ አልረጋላት አለ።

አንድ ቀን ባንያኑ በቅል ቅቤ ይዞ መጣ። ከእፍኝ አይበልጥም፤ ለእሳቱ ቆጥቦ ያቆየው ነው።

«ይህ የእንግዳህ ምግብ አይደለም ወይ?» አልኩት።

ወደ ልጄ ሆድ ጠቆመ። «እዚያም ውስጥ እሳት አለ። ያው ነው፤ ሌላ አይደለም። አብላው።»

ጠዋትና ማታ በጣቴ ጫፍ አቀመስኳት። እሱ እሳቱ ፊት ባዶ እጁን ተቀምጦ ያንን ቃሉን ይደግማል፤ ፈርቷል፣ ፊቱ ላይ ይታያል። እኔ ግን ትድናለች ብዬ አምኜ ነበር። ቅቤው አለቀ። ልጄም ሞተች።

ራጉኤል ቀበርናት። ቆፋሪዎቹ ጉልበት ስላልነበራቸው ጉድጓዱ ጥልቅ አልሆነም። ባንያኑ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ፤ ከእኔም ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቴ ስገባ ምድጃዬ ጠፍቷል። ገሌን አንስቼ ወጣሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ለምን እንደምሄድ አላውቅም። የደጁ ምድጃ በርዷል። እሱ ውስጥ፣ ከዚያች እሳት ፊት ተቀምጧል። ገሉን አየና ፈቀቅ አለልኝ።

«ጫር» አለኝ። «የማበላው የለኝም። እንግዳን አስርቦ ማቆየት ነውር ነው። ውሰድ።»

ጫርኩ። ቤቴ አምጥቼ ጭራሮ ጨመርኩበት፤ ደህና አድርጎ ነደደ። የምጥድበት ምንም አልነበረኝም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪጠፋ ጠበቅሁት።