የአሰልጣኙ ከንፈር

ተማሪዎቹ በሌሉበት «ጋሽ ሹክሹክታ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት «ጋሼ» ብቻ ነው። ስሙ በክፋት የወጣ አይደለም። ሰውየው እውነትም የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ዕድሜያቸውን በጠበቃነት ችሎት ሲያናውጡ ኖረው ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጣ፤ ሐኪሙ እብጠቱን ሲያወጣ ድምፃቸውም አብሮ ሄደ። ዳኛ የማይሰማው ጠበቃ ጥርስ እንደሌለው ውሻ ነው፤ ሌባ አይፈራው፣ ጌታው አይመካበት። ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ፋይላቸውን እየወሰዱ ሄዱ። ቢሯቸውን ዘጉና እህታቸው ቤት፣ ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ገብተው ጣሪያ ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ክፍል ጎትታ ያወጣቻቸው ድሮ ቢሯቸው ውስጥ ሙያውን የለመደች ልጅ ናት። አሁን የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርትና የምስለ ችሎት ቡድኑ አማካሪ ሆናለች።

«ጋሼ፣ ልጆቹን ያሠልጥኑልኝ» አለቻቸው።

«በየትኛው ድምፄ?»

«በዚሁ። እኔ እየጮህኩ ዝም ያላሰኘኋቸው ልጆች እርስዎን ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ።»

ሳቁና እሺ አሉ።

ምስለ ችሎት ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያጠኑት ግን እጅግ ደስ የሚል ጥበብ ነው። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት የክስ መዝገብ ይሰጣል። ያን ዓመት የተሰጠው፣ መጋዘን አቃጥሏል ተብሎ የተከሰሰ የጥበቃ ሠራተኛ ጉዳይ ነበር። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ጠበቃ፣ ገሚሱ ምስክር ይሆናል። ከመዝገቡ ውጭ ነገር መጨመር ክልክል ነው፤ መዝገቡ ጥበቃው ሲጋራ ያጨሳል ካላለ ማንም ሲጋራ አያስይዘውም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ አንዱ ቡድን ሁለቱንም ወገን መያዙ ነው፤ ጠዋት «አቃጥሏል» ያለ አፍ ከሰዓት በኋላ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይሟገታል። ተማሪው ነገር ሁለት ፊት እንዳለው በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ምላሱ ይማራል።

የአሰልጣኙ አሠራር የራሳቸው ብቻ ነበር። ተማሪዋን ከፊታቸው ያቆማሉ፤ እሳቸው አረፍተ ነገሩን በሹክሹክታ ይላሉ፣ እሷ በሙሉ ድምፅ ትደግመዋለች። የት እንደሚተነፈስ፣ የት ዝም እንደሚባል፣ የትኛው ቃል ላይ ድምፅ እንደሚወርድ ሁሉ በዚህ መንገድ ይተላለፋል። ልምምዱ እየገፋ ሲሄድ ልጆቹ ጆሯቸውን ማቅናት ተዉ። ሳያውቁት ከንፈር ማንበብ ለመዱ። ከሁሉ የፈጠነችው ሰንጢ ነበረች። ይህን ስም ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ምላሷ ስለት ነው። እሷ ስትናገር ሽማግሌው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የድሮው ድምፃቸው ከሌላ ሰው ጉሮሮ ሲወጣ ይሰሙ ነበር።

የውድድሩ ደንብ ግን ክርክር ከተጀመረ በኋላ አሰልጣኝ ከቡድኑ ጋር በቃልም በምልክትም እንዳይገናኝ ይከለክላል። ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ አማካሪዋ ወደ ጥግ ወሰደቻቸው።

«ጋሼ፣ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል።»

«የኔ?»

«ሰንጢ ስትናገር አብረው ይናገራሉ።»

«እርጅና ነው፣ ልጄ። ሽማግሌ ብቻውን አያወራም እንዴ?»

«ዳኞቹ ሽማግሌ ነው ብለው አያልፉዎትም። አንድ ወሬ ከተሰማ፣ ሲጀመርም መቀጠርዎን ያልወደደው የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን እርስዎን ለማስወጣት ሰበብ አገኘ ማለት ነው። ከኋላ ይቀመጡልኝ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያች የእህታቸው ቤት የኋላ ክፍል ዓይናቸው ላይ ትመጣ ጀመር።

በፍጻሜው ቀን የአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ላይ፣ የተሰበረ መደገፊያ ካለው ወንበር አጠገብ ተቀመጡ። የታችኛውን ከንፈራቸውን በጥርሳቸው ነከሱ። ሰንጢ ለማጠቃለያ ንግግሯ ስትነሣ አዳራሹ ጸጥ አለ። በደንብ ጀመረች። እሳቱ ከየት እንደተነሣ ያየ ምስክር እንደሌለ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ሦስት ሰዎች ይይዙ እንደነበር ለዳኞቹ አስረዳች። ከዚያ መሃል ላይ ቆመች። ቃሉ ጠፋባት። ዓይኗ በወንበሮቹ ላይ ሮጦ የኋላውን ረድፍ ፈለገ።

ጥርሳቸው ከንፈራቸውን መቼ እንደለቀቀ አያውቁም። እሷ ቀጠለች።

የተቃራኒው ቡድን አማካሪ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ! እዚያ ኋላ ያሉት ሰው ቃል እያቀበሉ ነው!»

የመሃል ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ፣ ይነሡ። ምን እያደረጉ ነበር?»

ተነሡ፤ ተናገሩም።

«አይሰማም፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» አሉ ዳኛው። ከፊት ያሉ ተማሪዎች ሳቁ።

አማካሪዋ ብድግ አለች። «ክቡር ዳኛ፣ ጉሮሯቸው ታሟል። ሲያዳምጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልማድ ነው እንጂ ምልክት አይደለም።»

ዳኛው ወደ ሰንጢ ዞሩ። «አንቺ ንገሪኝ። አይተሻቸዋል?»

ሰንጢ ቀና ብላ ወደ ኋላ አየች። ያኔ ሽማግሌው እያወቁ፣ ቃሉን ቀስ አድርገው በከንፈራቸው ቀረጹላት፦ አላየሁም በይ።

እንዳነበበችው አወቁ። ፊቷ ጨለመ።

«አይቻለሁ፣ ክቡር ዳኛ» አለችና እንደገና እንዳታያቸው አንገቷን ደፋች።

ቡድኑ ከውድድሩ ወጣ።

ከአዳራሹ ደጃፍ፣ አውቶቡሱ አጠገብ፣ ሰንጢ መጣችና አጠገባቸው ቆመች። «ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው የጠየቁኝ» አለች። «ስለ ሁለተኛው አልናገርም።» ለቡድኑ ሁሉ መልስ የማታጣው ልጅ የሳቸውን መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይቀላቸው ነበር።

አማካሪዋ የዳኞቹን ውሳኔ በቦርሳዋ ይዛ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አይዞዎት፣ ጋሼ። ነገ ዲኑ ዘንድ እገባለሁ። የሐኪም ወረቀት አቀርባለሁ። በበሽታ ሰው አይቀጣም፤ እስከ መጨረሻው እሟገትልዎታለሁ።»

እንደምትሟገት ያውቃሉ፤ ጥብቅና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ምናልባትም ታሸንፍላቸዋለች። ዝም ቢሉ ከሚቀጥለው ዓመት ልጆች ፊት ቆመው እንደገና ያሠለጥኑ ይሆናል፤ ሰንጢም ምስጢሩን ይዛ ትመረቃለች።

«ሁለተኛው ልማድ አልነበረም» አሉ።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። «ምን አሉኝ ጋሼ? አልሰማሁም።»

ወደ ጆሮዋ ተጠግተው ደገሙት። ዋሺ እንዳሏት፣ ልጅቷም እንዳልታዘዘቻቸው ነገሯት።

አማካሪዋ ቀና አለችና ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ፊቷን አዙራ «ግቡ፣ ግቡ፣ እንሂድ!» እያለች ልጆቹን ወደ አውቶቡሱ ማስገባት ጀመረች።

በማግስቱ ዲኑ ዘንድ አልገባችም።