የረጋ ደም

አያ ዘይኑልአቢዲን ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት በአንዲት ቃል ነው፦ «የረጋ ደም»። ወገቡን ያመመው፣ ራሱን የፈለጠው፣ ኮምቦልቻ ጭነት ሲያወርድ ትከሻው የደነዘዘበት ሁሉ ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለችው ጠባብ ቤታቸው ዋገምት ፍለጋ ይመጣል። ጀርባውን በምላጭ ጫር ጫር አድርገው ቀንድ ይደፉበትና በአፋቸው ይስባሉ። ጠቆር ያለው ደም ሲወርድ «አየህ የረጋውን?» ይላሉ። በሽተኛ ምን ምርጫ አለው? አየሁ ይላል። ሐኪሞችን ይንቁ ነበር። «እነሱ ያስገባሉ፣ እኔ አስወጣለሁ» ይሉ ነበር ሽማግሌው፣ ደረታቸውን ነፍተው።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በበረደ ሰሞን ያንኑ ደረታቸውን ሕመም ጨምድዶ ያዛቸው። ሚስታቸው ዊዳድ በሰው አሸክማ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው።

«አባባ» አላቸው ወጣቱ ሐኪም፣ «የልብዎ ደም ሥር ውስጥ ስብ ተጋግሯል። እዚያ ላይ ደም ረግቶ ነው የዘጋው። ዳግመኛ እንዳይረጋ ይህችን አስፕሪን በየቀኑ ይዋጡ። እንዳያቋርጡ!»

ዊዳድ የሰማችው «እንዳያቋርጡ» የሚለውን ነው። ባሏ የሰሙት «ረግቶ» የሚለውን ብቻ።

«ሰማሽው?» አሏት ቤት ሲገቡ። «ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ መጣ! ወላሂ፣ ለረጋ ደም እኔን በክኒን?»

ቢሆንም ዊዳድ በየጧቱ እየለመነችም እየተቆጣችም አስዋጠቻቸው። ልጅ አልወለደችም፤ እሳቸው ከሞቱባት ማንም የላትም። አንድ ቀን ግን ምላጩን አስያዟትና ጀርባቸውን ሰጧት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ «ጠለቅ አድርጊው» እያሉ አስበጡ። ደሙ አልቆም አለ። ክኒኗ ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ እሳቸው ግን ቀጭኑን ቀይ ደም አይተው ፈነደቁ።

«አልሐምዱሊላህ! ጥቁሩ አልቋል። ከእንግዲህ ምን ልሁን ብዬ ነው የምውጠው?»

ክኒኑን አመድ ላይ ደፉት። ዊዳድ አለቀሰች፤ ኋላም ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ ደሙን በዓይኗ ስላየች በከፊል አምናቸው ነበር።

ወር ሳይሞላ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ያ ሕመም መጣ። ላብ አጠመቃቸው። ዊዳድ ታክሲ ልትጠራ ከበር ደረሰች።

«የት ትሄጃለሽ? ቀንዱን አምጪ!»

ተመለሰች። ደረታቸውን በጣች፣ ቀንዱን ደፋች፣ ሳበች። ጠቆር ያለ ደም ጠብ አለ።

«አየሽ... ወጣ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የእምነት ቃላቸውን፣ ሸሃዳን እንኳ ሳይሉ ሞቱ።

ለቅሶ ቤቱ ሞላ። «ያ ክኒን ነው የገደላቸው» አለ አንዱ፣ «ደማቸውን ውሃ አደረገው»። የተቀመጠው ሁሉ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ልባቸውን ታመው ያንኑ ክኒን የሚውጡት ጎረቤቷ እትዬ ሰርካዲስ ደንግጠው የዊዳድን ክንድ ያዙ።

«ዊዳድዬ፣ እውነት ነው? እኔስ ልተወው?»

ዊዳድ ሐኪሙ ያለውን አልረሳችም። ያንን ከተናገረች ግን፣ ታክሲውን ትታ ቀንዱን ያነሳችው ማን እንደሆነ ይህ ሁሉ ሰው ሊያውቅ ነው። ዙሪያዋን አየች። ሁሉም አፏን እየጠበቀ ነው።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለቻቸው።