የሸለምጥማጧ ግልገል

እሪ በከንቱ በቀበሌ ቤት ስኖር ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው የወሎ ሴት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ እማማ ነበር የምላቸው። አብረዋቸው የሚውሉት ዶሮዎቻቸው ነበሩ፤ እነሱንም አንድ ጠዋት የዶሮ ቤቱን ቢከፍቱ ሸለምጥማጥ ፈጅታቸው አገኙ።

የሰፈሩ ወጣቶች ወጥመድ አጥምደው ያዟትና በዱላ ገደሏት። ጠጋ ብዬ ሳያት ጡቶቿ አግተዋል። ለማንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከእማማ ኮርኒስ ውስጥ የሚያለቅስ ነገር ተሰማ። አቡጀዲውን ቀደን ስናይ ሌሎቹ ግልገሎች ደርቀዋል፤ አንዷ ብቻ ትንቀሳቀሳለች። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አቀፏት። ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቁ የምን ዘር እንደሆነች ጠየቁኝ።

ለተማሪዎቼ የምለውን ነገርኳቸው። መዝገበ ቃላቱ የፈረንጆቹን ዊዝል ሸለምጥማጥ እያለ ስለሚተረጉመው ሰው ሁሉ አንድ ይመስሉታል። ሁለቱም ወገባቸው ረጅም፣ እግራቸው አጭር ነው፤ ሁለቱም ዶሮ ይፈጃሉ። በምደባ ግን ዊዝል በውሻ በኩል ሲሆን የእኛዋ በድመት በኩል ናት፤ የቅርብ ዘመዷም ጥርኝ ነው።

እማማ ከዚህ ሁሉ የያዙት ድመት የሚለውን ነው። ሱቁ ጋ የወለደች ድመት ነበረች። ግልገሏን ይዘን ሄድንና ከድመቷ ልጆች መሀል አስገባናት። ድመቷ አሸተተቻት፤ ከዚያ ልጆቿን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ሌላ ጥግ ወሰደች።

«ዘመድ ናቸው አላልሽም?» አሉኝ።

«ዝምድናው የጥርስና የአጥንት ነው እማማ፤ የሚሰበስባት ዘመድ የላትም።»

ስለ ልጃቸውም ጭምር እንደጠየቁኝ የገባኝ መልሱ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ለግልገሏ የላም ወተት በጠብታ ልንሰጣት ሞከርን፤ በአፍንጫዋ ተመለሰ። ሳይመሽ ጭናቸው ላይ ሞተች።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ይፈርሳል ተባለ። እማማ ልጃቸው የምታውቀው ይህንን በር ብቻ መሆኑን ከቀበሌ ለመጣው ሁሉ ይነግሩ ነበር። ሰዎቹ በትህትና ሰምተዋቸው ሄዱ። ለእሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ እኔ አፍንጮ በር አንድ ክፍል ተከራየሁ።

አንዴ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ደረጃው ስለሚያደክማቸው መውረድ ትተዋል። ሻይ አፍልተው አጠጡኝ። በሌላ ጊዜ ስሄድ በሩ ተቆልፏል። ፊት ለፊት ያለችው ሴት እዚያ ቤት ሰው ይኑር አይኑር እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከታችም ጠየቅሁ፤ የሚያውቃቸው የለም። የገዛሁላቸውን ብርቱካን ይዤ ታክሲ ተሰለፍኩ።