የጠበበው ጉርድ

ልብስ ሰፊዋ የገዛ ልጇን በቅጡ እንደማታውቃት አፍ አውጥታ የተናገረችው በክሊኒክ መተላለፊያ ላይ፣ ከዚያ በፊት አይታት ለማታውቅ ነርስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ልክ ሜትር ሳትይዝ በዓይኗ የምትናገር ሴት ናት።

ሱቋ ከፎቁ ደረጃ ሥር ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ዩኒፎርሞች። በአቅራቢያው ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግማሹ ተማሪ የእሷን ስፌት ለብሶ ይውላል። ልጇም እዚያው ትማራለች። ቀድሞ ሞላ ያለች ሳቂታ ነበረች፤ ክፍል ውስጥ «በርሜል» እንደሚሏት እናቷ ሰምታለች። ልጆች አይደሉ፣ ሲሰለቻቸው ይተዉታል ብላ አለፈችው። ልጅቷም የሆዷን በሆዷ ያዘች።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ጉርዷን መኪናው ላይ አስቀምጣ ወገቡ ሰፍቶኛል አለች። እናት ደስ ብሏት አጠበበችው። ሌላ ጊዜም ጉርዱን እዚያው ተቀምጦ አገኘችው፤ አሁንም አጠበበችው። ጎን ያለችው ፀጉር ሠሪ ልጅቷ ስታልፍ ባየች ቁጥር «ምን እየሰጠሻት ነው? ለእኔም ጠቁሚኝ እንጂ፤ እኔ እንደሆነ ውሃ ብጠጣም እወፍራለሁ» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

ምሳ ዕቃው ሳይነካ ሲመለስ ልጅቷ ከጓደኞቼ ጋር በላሁ ትላለች። ራት ሲቀርብ ራሴን አመመኝ ትላለች። ሳቋ ጠፍቶ በሯን ዘግታ መዋል ስታበዛም ፈተና ደርሶ ነው አለች። እናት ሁሉንም አመነች፤ ማመን ይቀል ነበር።

እጇ ደግሞ አያርፍም። ሰፍቶ የሚወዛወዝ ጨርቅ ካየች ሳታስተካክል አታልፍም። መጀመሪያ የጉርዱን ወገብ፣ ቀጥሎ የሸሚዙን ጎን፣ ቀጥሎ የሹራቡን ትከሻ ሰብስባ፣ ተኩሳ ትሰጣታለች። ልጅቷ በከሳች ቁጥር ልብሱም አብሯት ከሳ።

ከዚያ ልጅቷ ሰልፍ ላይ ወደቀች።

እናት ክሊኒክ ስትደርስ ልጇን አልጋ ላይ ያለ ዩኒፎርም አየቻት። የደረቷ አጥንት ይቆጠራል። ነርሷ ወደ መተላለፊያው አውጥታ፣ ሕመሙ የረሃብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ልጅቷ ከባድ ጭንቀት እንደያዛት፣ የአእምሮ ሐኪምም ሊያያት እንደሚገባ ቀስ ብላ ነገረቻት። እንደከፋት አላወቁም ነበር ወይ ብላ ስትጠይቃት ነው ልብስ ሰፊዋ «ልጄን ለካ አላውቃትም» ያለችው።

የክፍል ኃላፊው መምህር አብሮ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«እኛም ልብ አላልንም» አለ። «ሌሎቹ ሲከሱ ልብሳቸው ይነግረናል። የእሷ ግን ሁልጊዜ ልክክ ያለ ነበር።»

ክፉ አስቦ አልነበረም። እናት ግን ወደ ክፍሉ ተመልሳ የልጇን ጉርድ አነሳች፤ ያጠበበችውን ወገብ በጣቷ ዳሰሰችው።

ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት በምትመለስበት ጠዋት ጉርዱ መኪናው ላይ ነበር፤ ወገቡ ላይ ስፒል ተሰክቶበታል። እናት አነሳችው፣ አገላበጠችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«አልነካውም» አለች።

«ይወልቅብኛል እኮ፣ እማዬ። ይስቁብኛል።»

«ቤት ትቀሪያለሽ እንጂ እኔ ከእንግዲህ አንዲት ክር አላስገባበትም።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። እዚያው የደንበኞች መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። እናትም የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ነርሷ ብይ ብይ እያሉ አይጨቅጭቋት፣ ያዋሯት ብላ ነበር። እነሱ ግን መነጋገር አልለመዱም።

«የኔ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የከፋሽ?»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ከተበተነው ቁርጥራጭ ጨርቅ አንዱን አነሳች።

«እሱን አትጠይቂኝ» አለች።